የድሮዎቹ አርፒጂዎች ዛሬም ያጫውታሉ ወይስ የሌላ ሰው ትዝታ ናቸው?

ጥያቄ፦ ብርዱ (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብርዱ ደጅ የሚያስወጣ ስላልሆነ፣ ከሥራ ስገባ ጋቢ ደርቤ ላፕቶፕ መክፈት ልማዴ ሆኗል። ላፕቶፑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የገዛሁት ሲሆን ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ የዘመኑን ጨዋታዎች አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውንና ብዙ የተወራለትን ባልደርስ ጌት 3ን ልሞክር ብዬ ብመለከት፣ የሚጠይቀው የዲስክ ቦታ ብቻ 150 ጊጋባይት ሆኖ አገኘሁት፤ የቀረኝ ባዶ ቦታ የዚያን ሩብ አይሞላም።

ስለዚህ ፊቴን ወደ ኋላ መለስኩ። በየቦታው «ክላሲክ» እየተባሉ የሚወደሱትን አርፒጂዎች፣ ማለትም ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ወስዶ፣ ቀስ በቀስ እየጠነከረ፣ ረጅም ታሪክ የሚከተልባቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 ነበር። ከተማዋም ሙዚቃውም ማርከውኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ስክሪኑ ተሽከርክሮ ከማላየው ጠላት ጋር ውጊያ ውስጥ እየከተተኝ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር እስክረሳ ድረስ አሰለቸኝ። ከዚያ ሞሮዊንድን (2002) ጀመርኩ። እዚያ ደግሞ አንድ ተራ ሸርጣን ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ሰይፌ በሰውነቱ ውስጥ ሲያልፍ በዓይኔ እያየሁ፣ ጨዋታው እንደ ሳትኩ ይቆጥርብኛል። ሸርጣኑ ገደለኝ። ይህን ለጓደኞቼ ለመናገር እንኳን አፍሬያለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እነዚህ ጨዋታዎች ዛሬ አዲስ ለሚጀምራቸው ሰው በራሳቸው ዋጋ አላቸው ወይስ የሚያወድሷቸው ሰዎች የሚያወድሱት የራሳቸውን ልጅነት ነው? እኔ በልጅነቴ ጌም ነካሁ ከተባለ፣ ያም ጌም ቤት ውስጥ ኳስ ነው። ስለዚህ በፋይናል ፋንታሲ የምናፍቀው አንዳች ነገር የለኝም፤ የሌላ ሰው ትዝታ ደግሞ ምሽቴን አያሞቅልኝም።

መልስ፦ ሐሩር (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ ብርዱ፣ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ጋቢ ደርቦ የሚጫወት ሰው ሁልጊዜ ያስቀናኛል፤ እኛ እዚህ ቆላ ላይ ላፕቶፑ ከእኛ ቀድሞ በሙቀት ይታመማል።

ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ጌም ቤት ነበረችኝ፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 እና አንድ አግዳሚ ወንበር። ሒሳቡ በግጥሚያ ነበር፤ ተሸናፊ ይነሣል፣ ተረኛ ይቀመጣል። በዚህ አሠራር አርባና ሃምሳ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ቦታ እንደማይኖረው ግልጽ ነው። ሆኖም አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ካስመጣኋቸው ዲስኮች መካከል ፋይናል ፋንታሲ 10 (2001) ተቀላቅሎ መጣ። ስንከፍተው፣ መጀመሪያ አካባቢ በውኃ በተሞላ ስታዲየም ውስጥ የሚደረግ የኳስ ግጥሚያ ይታያል። ልጆቹ አዲስ ዓይነት የኳስ ጌም የመጣ መስሏቸው አግዳሚው እስኪንቃቃ ድረስ ተሰበሰቡ። ጥቂት ቆይቶ ከተማው ፈረሰ፣ ንግግሩ በዛ፣ ኳሷም የውኃ ሽታ ሆነች፤ «ኳስ ክፈትልን!» እያሉ አስጨነቁኝ። ማታ ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን የቀጠልኩት እኔ ነበርኩ። ጨዋታው የደረሰበትን የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረኝ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልቆጨኝም።

ይህን ያነሣሁት አንተ እንደ ጉድለት የቆጠርከው ነገር ለእኔ ብልጫ ስለሚመስለኝ ነው። የጃፓንና የአሜሪካ ተጫዋቾች ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ሲፈርዱ ልጅነታቸው ጣልቃ ይገባባቸዋል። እኛ የምናገኛቸው በጎልማሳ ዕድሜ፣ ያለ አንዳች ውለታ ነው። የእኔም ፍርድ ይህ ነው፦ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ያረጀው ከመሣሪያው አቅም ማነስ የመጣው ነው፤ ያላረጀው ደግሞ ተጫዋቹ ላደረገው ነገር ጨዋታው የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ያስመረረህን የማይታይ ጠላት እንውሰድ። የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ አባት እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ዳይስ ጥሎ መንገደኞቹ አውሬ እንዳጋጠማቸውና እንዳላጋጠማቸው ይወስናል። ዊዛርድሪ (1981) ይህን ልማድ በኮምፒዩተር ላይ ተከለው፤ ድራጎን ክዌስት (1986) ደግሞ በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ለጃፓን ሕዝብ አለማመደው። ማሽኑ ሰፊውን ካርታና የጠላቶቹን ትልልቅ ሥዕሎች ባንድ ላይ ማሳየት ስለሚከብደው ውጊያው ለብቻው በተለየ መስኮት ወይም ስክሪን ይካሄዳል። አንተን ያሰለቸህ እንግዲህ ከዳይስና ከጠባብ ማሽን የተወለደ ልማድ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 7 በወጣበት ጊዜ ልማዱ ከአስፈላጊነቱ በላይ ዕድሜ አግኝቶ ነበር ብል የሚቆጣኝ ይኖር ይሆናል፤ ይቆጣ። ለስልክ የወጣው እትም ግጭቶቹን ማጥፊያ ምርጫ አለው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ካጠፋኸው ገጸ ባሕርያትህ ሳይጠነክሩ ይቀሩና ከትልልቆቹ ጠላቶች ፊት ትዋረዳለህ። መንገድ ሲጠፋብህ ብቻ አጥፋው፤ ሌላ ጊዜ ክፈተው።

«የድሮ» የሚለው ቃል ራሱ እንዳያታልልህ። ከፋይናል ፋንታሲ 7 ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ክሮኖ ትሪገር ወጥቶ ነበር። በጊዜው ተፎካካሪ ከነበሩት ከፋይናል ፋንታሲና ከድራጎን ክዌስት ዋና ሰዎች ሂሮኖቡ ሳካጉቺና ዩጂ ሆሪ አብረው ሠሩት፤ ገጸ ባሕርያቱን አኪራ ቶሪያማ ሣላቸው። በዚያ ጨዋታ ጠላቶቹን አስቀድመህ ታያቸዋለህ፤ ብዙዎቹንም ዞረህ ታልፋቸዋለህ፤ ውጊያው የሚካሄደው እዚያው በቆምክበት ቦታ ነው። ሁሉም ነገር፣ ሙዚቃውም ሥዕሉም ታሪኩም፣ በ4 ሜጋባይት ካርትሪጅ (ማሽኑ ላይ በሚሰካ የጨዋታ ካሴት) ውስጥ አድሯል፤ ዛሬ በስልክህ የምታነሣው አንድ ፎቶ ያን ያህል ይሆናል። ከእሱ ጀምር። መጀመሪያ ላይ ወደ በዓሉ ገበያ ስትገባ ግን የምታደርገውን ተጠንቀቅ፤ ከዚህ በላይ አልነግርህም።

መልስ፦ የአንኮበሯ

አቶ ሐሩር ያሉትን በአክብሮት አነበብኩት፤ ግን አልተስማማሁም። «ያረጀውን ታገሥ፣ ያላረጀው ይክስሃል» የሚለው ምክር ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ በሳምንት ለጨዋታ የማገኘው አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ደንብ በማጥናት ካሳለፍኩ ተጫወትኩ አልልም።

የመጀመሪያውን ባልደርስ ጌት (1998) በዓመት ዕረፍቴ ሞክሬው ነበር። ጨዋታው የተመሠረተበት የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሁለተኛ እትም ደንብ ለመምታት የሚያስፈልግህን ቁጥር ሲያሰላ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አንተ የተሻልክ ነህ ይላል፤ የጥሩርህም ቁጥር እንዲሁ ሲቀንስ ነው የሚሻለው፤ ሌላው አብዛኛው ደግሞ ሲጨምር ይሻላል። የደንቡ ባለቤቶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2000 በሦስተኛው እትም ይህን ስሌት ጥለውታል። ጠንቋይ ሆኜ ስጀምር የነበረኝ የሕይወት ነጥብ አራት ነበር፤ ከምሽጉ እንደ ወጣሁ አንድ ተኩላ በሁለት ንክሻ ጨረሰኝ። ይህን «ፈተና» ብለው የሚጠሩት አሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ፈተና ባወጣ ወላጅ መጥቶ ይከሰኛል።

ሁለተኛው ነገር እዚህ ገጽ ላይ ማንም ያላነሣው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች ትልቁ ሀብት ጽሑፋቸው ነው ከተባለ፣ ጽሑፉ የሚነበበው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት በተማረ ሰው ዓይን ነው። የመጀመሪያው ድራጎን ክዌስት ለአሜሪካ ሲተረጎም ሆን ተብሎ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃና ተጻፈ፤ ለእኛ ያ ማለት አማርኛ የሚማር ፈረንጅን በግእዝ ቅኔ እንደ መጀመር ነው። ፕላንስኬፕ ቶርመንት (1999) ትውስታውን አጥቶ ስሙን እንኳን የማያውቅ፣ ሞትም የማይቀበለው ሰው ታሪክ ነው፤ ሐሳቡ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን የንግግሩ ብዛት ጥቅጥቅ ያለ ልብ ወለድ ነው፤ ያም ከልዩ ልዩ ዓለማት በተሰበሰበ የአራዳ ቋንቋ የተጻፈ። እኔ መምህርቷ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ነው ያነበብኩት።

ስለዚህ መመዘኛው «ጥሩ ነበርን?» ሳይሆን «ዘሎት፣ ጥበቡን የወረሱትን ልጆቹን፣ ማለትም አዲሶቹን ጨዋታዎች፣ የሚጫወት ሰው ምን ይቀርበታል?» መሆን አለበት ባይ ነኝ። አንደርቴል (2015) በማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ እንግሊዝኛው ቀላልና ቀልደኛ ነው፣ ከፈለግህ አንድም ፍጡር ሳትገድል ትጨርሰዋለህ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ እሱ ነግሬያቸው፣ የመማሪያ መጽሐፋቸውን ምንባብ ለማንበብ የሚያዛጉት ልጆች የጨዋታውን ንግግር በቃላቸው ይዘው መጡ። ማሽን ካገኘህ ደግሞ ዲስኮ ኤሊሲየም (2019) አለ፤ ውጊያ የሚባል ሥርዓት የለውም፣ ሁሉም ነገር በንግግርና በዳይስ ያልቃል። አያቶቹ ክብር ይገባቸዋል፤ ማክበርና ከእነሱ ጋር መኖር ግን ይለያያሉ።

መልስ፦ መንዜው (መሐል ሜዳ)

ልጄ ብርዱ፣ አስቀድሜ ሸርጣኑን ልግደልልህ፤ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

በሞሮዊንድ ሰይፉ ሰውነት መንካቱን ዓይንህ ያያል፤ ምቱን የሚወስነው ግን ከጀርባ የሚጣለው ዳይስ ነው። ዳይሱ የሚመለከተው በዚያ መሣሪያ ያለህን ችሎታ፣ ቅልጥፍናህን፣ ዕድልህን፣ እንዲሁም ድካምህን ነው። ገጸ ባሕርይህን ስትፈጥር ዋና ብለህ የመረጥካቸው ችሎታዎች በ30 ይጀምራሉ፤ ንዑሶቹ በ15፣ ያልመረጥካቸው በ5፤ ዘርህ ጥቂት ይጨምርልሃል። ጦር የመረጠ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሰይፍ ካነሣ በ5 እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ደግሞ ሁላችሁም ወጣቶች እንደምታደርጉት ከመርከቡ ወርደህ እስከ ሸርጣኑ ድረስ በሩጫ ሄደሃል፤ ሩጫ አረንጓዴውን መስመር ይጨርሰዋል፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን እጅህ አየር ይመታል። ከውጊያ በፊት በእርጋታ ተራመድ፤ ዋና ያደረግከውን መሣሪያ ብቻ ያዝ። በዚህ ብቻ ሌላ ጨዋታ ይሆንልሃል።

ይህን ጨዋታው አይነግርህም፤ የነገረው በመመሪያው ነበር። አሮጌዎቹ ጨዋታዎች ከወፍራም መጽሐፍ ጋር በሳጥን ይሸጡ እንደነበር አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፑል ኦፍ ራዲያንስ ዲስኮቹ ጽሑፉን ሁሉ ስለማይችሉ ረጃጅሙን ትረካ አብሮት በታተመ መጽሔት ውስጥ በቁጥር አስቀምጦት ነበር፤ ስክሪኑ ቁጥሩን ይሰጥሃል፣ አንተ ገልጠህ ታነባለህ። ዛሬ ጨዋታው ሲወርድ መጽሐፉ አብሮ አይወርድም፤ የወረደ እንደሆነም ከፍቶ የሚያነብ የለም፤ ከዚያ «አይገባም» ይባላል። ወይዘሪት የአንኮበሯ ስለ ተገላቢጦሹ ስሌት ያልሽው እውነት ነው፤ በእሱ አልከራከርሽም። የሞሮዊንድ ዳይስ ግን ከዚያ ይለያል፤ አንዴ ከገባህ በኋላ በጨዋታው መጨረሻ ያን ሸርጣን በአንድ ምት ስታልፈው፣ ምን ያህል እንዳደግህ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ።

እኔን ግን በሞሮዊንድ ያስቀረኝ ውጊያው አይደለም። በዕድሜዬ ለሥራ ጉዳይ መንዝን በእግርም በበቅሎም ዞሬዋለሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብለህ አንድ ገበሬ መንገድ ብትጠይቅ፣ «ያችን ጉብታ ዙር፣ ወንዟን ተሻገር፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ቀኝ ተወው፤ እዚችው ናት» ይልሃል፤ «እዚችው» የተባለችው ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ ትሆናለች። ሞሮዊንድ ልክ እንዲህ ነው። ቀስት የሚያመለክትልህ ነገር የለም፤ ሰው ይነግርሃል፣ ማስታወሻህ ይይዘዋል፣ ድንጋዩንና ድልድዩን እየለየህ ትሄዳለህ። የሚነገርህም አልፎ አልፎ ስሕተት ነው፤ ልክ እንደ ገበሬው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ተከታዩ በኦብሊቪየን ኮምፓስ ላይ ምልክት ተጨመረና ዓይናችን ከአገሩ ተነሥቶ ምልክቱ ላይ ተተከለ። ልጆቹ ወርሰዋል ያልሽውን እዚህ ላይ ነው የምከራከርሽ፤ ይኼን አልወረሱም።

ሌላው ፋሎውት (1997) ነው። ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ ከመሬት በታች በመጠለያ ለሚኖረው ሕዝብህ የውኃ ማጣሪያ ቺፕ እንድታመጣ በ150 ቀን ተወስነህ ትላካለህ። ገጸ ባሕርይህን ስትፈጥር የአእምሮውን ነጥብ ከ4 በታች ካደረግከው አረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል፤ ሰውም ሁሉ እንደዚያው ያስተናግደዋል። ንግግር አዋቂ ካደረግከው ደግሞ የመጨረሻውን ባላንጣ ማስረጃ ይዘህ ቀርበህ በቃል ብቻ ትረታዋለህ። አባቶቻችን በላ ልበልሃ እያሉ ይሟገቱ የነበረውን ያየ ሰው ይህ አያስደንቀውም፤ በጨዋታ ውስጥ ማግኘቱ ግን ዛሬም ብርቅ ነው። ማስረጃው ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ፈልገህ ታገኘዋለህ።

መልስ፦ ጣርማ በር

ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ አጫዋወቱ ብቻ አጭር ነገር ልበል።

አሮጌዎቹ የጃፓን ጨዋታዎች ሴቭ የሚያደርጉት በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ መብራት ደግሞ ቦታ አይመርጥም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በኮምፒዩተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ቢጫወት የትም ቦታ ላይ ሁኔታውን እንዳለ ማስቀመጥ ይችላል። ወይም ለስልክ በወጡት እትሞች ይጫወት፤ ክሮኖ ትሪገርም ፋይናል ፋንታሲ 7ም ለአንድሮይድ አላቸው።

ሥዕሉ የተጠረበ ድንጋይ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የሠዓሊዎቹ አይደለም። የተሣለው ከኋላው ሆድ ለነበረው ለአሮጌው ቴሌቪዥን ነው፤ ያ ስክሪን ነጥቦቹን እርስ በርስ ያዋሕዳቸው ስለነበር ሠዓሊዎቹ ጥላና ቀለም የሚያዋድዱት ያንን ታሳቢ አድርገው ነው። በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን እያንዳንዱ ነጥብ ተለይቶ ይቆማል። በኢሙሌተሩ ቅንብር ውስጥ የአሮጌ ቴሌቪዥን ማጣሪያ አለ፤ አብሩትና ልዩነቱን ተመልከቱ።

የመግዛቱ ነገር ግን ያስተክዛል። በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። እዚህ ከተጠቀሱት የድሮ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ከዕድለኞቹ 13 በመቶ ውስጥ ስለሆኑ፣ የውጭ አገር ክፍያ መፈጸም የሚችል ዘመድ ያላችሁ በቅናሽ ወቅት አስገዙ፤ ብዙዎቹ ያኔ በጣም ይረክሳሉ።

ጠያቂው ተመልሷል፦ ብርዱ (ደብረ ብርሃን)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ክሮኖ ትሪገርን ያልተጫወታችሁ ይህን መልእክት ዝለሉት።

አቶ ሐሩር ገበያውን ተጠንቀቅ ብለውኝ ነበር። ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ የተጠነቀቅኩት ግን ከሌባና ከጠላት ነው። በበዓሉ ስዞር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ምግብ አገኘሁና በላሁት፤ በጨዋታ ዓለም የተገኘ ነገር ሁሉ ለተጫዋቹ የተቀመጠ አይደል? ከአንዲት ልጅ ጋር ተጋጭተን ስትወድቅ የአንገት ሐብሏ አብሮ ወደቀ፤ ልጅቱን ከማነጋገሬ በፊት ሐብሉን አነሣሁ። አንዲት ሕፃን ድመቷ ጠፍታባት ነበር፤ አልፌያት ሄድኩ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ንጉሣዊ ችሎት ፊት ቆምኩ። ዐቃቤ ሕጉ ምስክር ጠራ፤ የመጣው ምሳውን የበላሁበት ሽማግሌ ነው። ጋቢዬን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን በተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ አፈርኩ። የሰው ምሳ በልቶ መያዝ፣ ያውም በችሎት! ቢፈረድብህም ባይፈረድብህም ወደ እስር ቤቱ መውረድህ እንደማይቀር በኋላ አነበብኩ፤ ግን የሚያሳፍረው እስሩ አይደለም። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ምርጫ ሲመጣ «ይህ ምርጫ ነው» ብለው በደማቅ ፊደል ያሳውቁሃል። ይኼኛው ምርጫ መሆኑን ሳይነግረኝ አስመርጦ፣ ሳይረሳ አቆይቶ፣ በማልጠብቀው ቀን አወጣብኝ።

ጋሼ መንዜው፣ ይህ ደግሞ ለእርስዎ ነው። ጨዋታው በዘመናት መካከል ያመላልሳል፤ ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት እስከ እ.ኤ.አ. 2300 ድረስ። በ600 ዓ.ም. አንዲት ሴት በረሃ የሆነውን ደን መልሳ ለመትከል ትታገላለች፤ ዕድሜዋ እንደማይበቃ ግን ግልጽ ነው። ከመንገደኞቹ አንዱ ሮቦት ነውና እሱን ትተንላት በአንድ ዝላይ ወደ 1000 ዓ.ም. ሄድን። ለእኛ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሱ 400 ዓመት ሲቆፍርና ሲተክል ኖሮ ዝጎ፣ ሥራው ቆሞ ጠበቀን፤ በረሃው ደን ሆኗል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአካባቢው ሕዝብ ደንብ እየተጠበቀ ኖሯል የሚባለው የእናንተ ጓሳ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ በተማሪነቴ ለጉብኝት ወስደውን ሣሩን እንዳንረግጥ ሲከለክሉን ተነጫንጬ ነበር።

ሸርጣኑንም ገድዬዋለሁ፤ በእርጋታ ተራምጄ። ፋይናል ፋንታሲ 7 ግን አሁንም አልሆነልኝም፤ ግጭቱን እያጠፋሁም ቢሆን ሁለተኛው ዲስክ ላይ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ የአንኮበሯ

ምሳውን የበላኸው አንተ ነህ፤ ጨዋታውን አታመስግንበት። ጋሼ፣ የመንገዱን ነገር ተረትቻለሁ፤ በተኩላው ግን አልረታም። ለመሆኑ የዚህ ክሮኖ ትሪገር እንግሊዝኛ ይከብዳል? 4 ሜጋባይት ከሆነ ለተማሪዎቼም ሳልፈራ የምጠቁመው ነው።

መልስ፦ ጣርማ በር

እንግሊዝኛው አጫጭር አረፍተ ነገር ነው፤ ይወጡታል። 4 ሜጋባይት የመጀመሪያው ካርትሪጅ ነው፤ የስልኩ እትም ከዚያ ብዙ ጊዜ እጥፍ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነው ያውርዱት።